አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት፦ የላንድ ክሩዘር ጣራ ጩኸት እንዴት ይረግባል?

ባለፈው ትምህርት አስረጂ ድርሰት ምን እንደ ሆነ፣ ከተራኪ ድርሰትም በምን እንደሚለይ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከአስረጂ ድርሰት ክፍሎች አንዱን፣ ይኸውም አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን ትማራላችሁ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ምሳሌ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የቡና አፈላል ወይም የእንጀራ አጋገር ነው። ርእሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ቡና እንዴት እንደሚፈላ የማያውቅ አንባቢ በክፍላችሁ ውስጥ የለም። ጸሐፊው «ቡናው ይወቀጣል፤ ከዚያም ይቆላል» ብሎ ቢያዘበራርቅ አንባቢው ፈገግ ብሎ በልቡ ያቃናዋል እንጂ ጥሬ ቡና ሊወቅጥ አይነሣም። አንባቢው የማያውቀውን ሥራ ስታስረዱት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚያቃናበት ዕውቀት ስለሌለው የጻፋችሁትን ቃል በቃል ይፈጽማል። ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ ገንዘቡ ይባክናል፤ ንብረቱ ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ጤናው ይጎዳል። ከዚህ በታች ያለው ምንባብ አብዛኞቻችሁ ሠርታችሁት ስለማታውቁት ሥራ የሆነውም ስለዚህ ነው። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት።

ምንባብ

በሣር ክዳን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዝናብ መጣሉን የሚያውቀው ወደ ደጅ ሲመለከት ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ክፍል ውስጥ ግን ክረምት ሲገባ መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ ዶፉ እስኪያባራ ይጠብቃል። ዝናቡ አንድ ነው፤ የሚለየው ክዳኑ ነው። ሣር ልልና ወፍራም በመሆኑ ጠብታው ሲያርፍበት ጉልበቱን ውጦ ያስቀረዋል። ቆርቆሮ ግን ስስና ሰፊ ስለሆነ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱም በአየር ተላልፎ ከጆሯችን ሲደርስ ድምፅ ሆኖ ይሰማናል። ከበሮ መቺ ድምፁን ለማቆም ሲፈልግ መዳፉን በቆዳው መካከል ያሳርፋል። ይህን ልብ በሉ፤ የምንባቡ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ የመዳፍ ሥራ ውስጥ ነውና።

በገጠር መንገዶቻችን ላይ ዘወትር የሚታየው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ጣራውም እንዲሁ ስስ የብረት ላሜራ ነው። የቶዮታ ኩባንያ በ70 ቁጥር የሚጠራውን የዚህን መኪና ዓይነት መሥራት የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሱ በፊት ስሙ የገነነው ላንድ ሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ለሕዝብ ሲታይ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠርቶ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና። አሉሚኒየምም ይሁን ብረት፣ ላሜራው ስስና ሰፊ ከሆነ በኮረኮንች መንገድ ላይ ይጮኻል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ የባሰ ነው።

ይህ መኪና የሚያጓጉዘው ጭነትና መንገደኛ ብቻ አይደለም። በአምቡላንስነትም ያገለግላል። ከኋላ ከሕመምተኛው ጋር የተቀመጠች ነርስ ሹፌሩን «ቀስ በል» ለማለት ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አለባት፤ የሕመምተኛውን ትንፋሽ በማዳመጫ ለመስማት ስትፈልግም መኪናውን ማስቆም ግድ ይሆንባታል። ጩኸት የመስማት ችሎታንም ቀስ በቀስ ይጎዳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሠራተኛ በቀን ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ ለሆነ ድምፅ እንዳይጋለጥ መክሯል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለሚውል ሹፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጣራውን ጩኸት ለመቀነስ ጋራዥ መሄድ የግድ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሊፈጽሙት ይችላሉ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ፤ የጣራው መብራት ሽቦ ሲነቀል ከላሜራው ጋር ተነካክቶ ፊውዝ እንዳያቃጥል ነው። ቀጥላችሁ የፀሐይ መከለያዎቹን፣ የእጅ መያዣዎቹንና የጣራውን መብራት በካቻቢቴ ፍቱ። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎኖች በየራሳቸው ባዶ ጣሳ ውስጥ አስቀምጡ፤ በጣሳው ላይም የምን እንደ ሆኑ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የጣራውን የውስጥ ሽፋን አውርዱ። ሽፋኑ ሰፊና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይያዘው።

ላሜራው ሲገለጥ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ዝገትንና የውኃ ፍሳሽን ነው። ውኃ የሚያስገባ ስፌት ካለ ድፈኑት። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፤ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፤ ቀለሙም ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቁ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ዝገቱን ጋረደው እንጂ አላጠፋውም። የተጋረደ ዝገት ማንም ሳያየው መብላቱን ይቀጥላል፤ ሲታይም ላሜራውን በስቶ ነው።

አሁን ጣራውን በጣታችሁ እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ላሜራውን ከውስጥ አቋርጠው የያዙ ብረቶች አሉ፤ የጣራው አጥንቶች ልንላቸው እንችላለን። ከአጥንቶቹ አጠገብ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው። በሁለት አጥንቶች መካከል ግን ረጅምና የሚያስተጋባ ነው። ብዙ የሚርገበገበው ይህ መካከለኛው ስፍራ ነውና የምታክሙት እርሱን ነው። ስፋቱን በካርቶን ለክታችሁ አስቀሩ። ከዚያም ላሜራውን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፤ በደንብ አድርቁት። ቀጥሎ ለሚመጣው መወልወል ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እንፋሎቱ በመኪናው ውስጥ ተጠራቅሞ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። የመኪናውን በሮች ሁሉ ከፍታችሁ፣ እሳትም አርቃችሁ፣ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ወልውሉት።

ለማርገቢያ የሚሆነው ቡቲል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ምንጣፍ ነው። ቡቲል እንግዳ ነገር አይደለም፤ በመኪና ጎማ ውስጥ የሚነፋው ከመነዳሪ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው ግን ለስላሳና የሚጣበቅ ሆኖ በአንድ ፊቱ ስስ አሉሚኒየም የለበሰ፣ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ነው። ላሜራው ሲርገበገብ በላሜራውና በአሉሚኒየሙ መካከል የተያዘው ለስላሳ ጎማ ወዲያና ወዲህ ይሳባል፤ በዚህ መሳሳብም የርግብግቢቱ ጉልበት ወደ ጥቂት ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። የከበሮ መቺው መዳፍ እንግዲህ ይህ ነው።

የአሉሚኒየሙ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጓንት አድርጉ። ምንጣፉን በካርቶኑ ልክ ቁረጡ። የጀርባውን ወረቀት ከአንድ ጫፍ ጥቂት ላጡና አስይዙት፤ የቀረውን ወረቀት እየላጣችሁ፣ ምንጣፉንም ከመካከል ወደ ዳር በመዳመጫ እየዳመጣችሁ ለጥፉ። ከሥሩ አየር ከቀረ ጣራው በፀሐይ ሲግል አየሩ ይስፋፋና ምንጣፉን ያላቅቀዋል። ይህ ምንጣፍ ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር አትርሱ። በበር ላይ የላላ ምንጣፍ ባለበት ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ በጣራ ላይ የላላ ግን መውደቁ አይቀርም። አንዳንድ ሰዎች ዋጋው ስለሚረክስ ለቤት ጣራ ውኃ መከላከያ የሚሆነውን በሬንጅ የተሠራ ጥቅል ይለጥፋሉ። ሬንጅ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በቆላ ፀሐይ ለሚቆም መኪና አይሆንም።

ጣራውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ምንጣፉ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ቢመዝንና የጣራው ስፋት 4 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ሁሉን መሸፈን በመኪናው አናት ላይ 12 ኪሎ ግራም ይጨምራል። የየክፍሉን መካከል ብቻ ይዛችሁ ሲሶውን ብትሸፍኑ ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል፤ ከጥቅሙም አብዛኛውን ታገኛላችሁ። በአናቱ የከበደ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደማይመች ሹፌሮች ያውቃሉ።

ከማርገቢያው በታች ሁለተኛ ንጣፍ ይደረጋል፤ ይኸውም ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ፣ ውኃም የማይመጥ ስፖንጅ ነው። ይህ ንጣፍ ሙቀትን ይከላከላል፤ ሽፋኑም ከላሜራው ጋር እየተጋጨ እንዳይንኳኳ ያደርጋል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሁን። የፍራሽ ስፖንጅ ድምፅ መምጠጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውኃም ይመጣል። በብርድ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ስፖንጁም ያን ጤዛ ይዞ ላሜራውን ያዝገዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እሳት ከያዘው በፍጥነት መንደዱና መርዘኛ ጢስ ማውጣቱ ነው።

ስፖንጁ የሚለጠፈው በማስቲሽ ነው። የማስቲሽ እንፋሎት ራስን ያዞራል፤ በእሳትም ይያያዛል። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የመኪናው በሮች ሁሉ እንደ ተከፈቱ ይቆዩ፤ በአቅራቢያውም ክብሪት አይጫር፤ እናንተም በየጥቂት ደቂቃው ከመኪናው ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ተንፍሱ። ማስቲሹን ከሁለቱም በኩል፣ ማለትም በጣራውም በስፖንጁም ላይ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን ስፖንጁን በቦታው አሳርፋችሁ ተጫኑ። ሁለቱ የተቀቡ ፊቶች አንዴ ከተነካኩ ማንቀሳቀስ አይቻልምና ቦታውን አስቀድማችሁ በዓይናችሁ ለኩ።

በመጨረሻም የመብራቱ ሽቦ እንዳይቆነጠጥ እየተጠነቀቃችሁ ሽፋኑን መልሱ፤ የፈታችሁትን ሁሉ እሰሩ፤ የባትሪውንም ገመድ መልሳችሁ አጥብቁ። ጣራውን ከውጭ አንኳኩ። ሥራው በደንብ ከተሠራ ቀድሞ እንደ ቆርቆሮ ይጮኽ የነበረው አሁን እንደ ጣውላ አጭር ድምፅ ይሰጣል። ይህ ሲሆን ግን የሞተሩና የጎማው ድምፅ ጠፋ ማለት አይደለም። የእነርሱ ድምፅ በወለሉና በፊት ግድግዳው በኩል ይገባል፤ የነፋሱ ፉጨትም ባረጀ የበር ጎሚኒ በኩል ይገባል። ጣራውን ያከመ ሰው የዝናቡን ጩኸትና የላሜራውን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ቃላት አመራረጥ

በምንባቡ ውስጥ «ድምፅ ማጥፋት» የሚል ሐረግ አላገኛችሁም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ስለ ድምፅ ሲነገር ብዙ ሰዎች ሁሉን ነገር «ማፈን» ወይም «ማጥፋት» ይሉታል፤ ይሁን እንጂ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉ። የሚርገበገበውን ላሜራ ማርገብ አንድ ነው። በአየር ውስጥ ያለውን ድምፅ መምጠጥ ሁለተኛ ነው። ድምፁ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው እንዳያልፍ በከባድ ነገር ማገድ ሦስተኛ ነው። ቡቲሉ ያረግባል፤ የፍራሽ ስፖንጅ ይመጣል፤ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያግዳል። እነዚህን ሦስት ግሦች የሚያቀላቅል ጸሐፊ አንባቢውን ወደ ገበያ ልኮ የማይሆን ዕቃ ያስገዛዋል። በአገራችን ብዙ ሰው ለማርገብ ሲፈልግ የሚመጥ ነገር የሚገዛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ማርገብና መርገብገብ የሚሉትንም ቃላት ተመልከቱ። ሲያዩአቸው እኅትማማች ይመስላሉ፤ በዚህ ምንባብ ውስጥ ግን ተቃራኒዎች ሆነዋል። የክራር ጅማት ረገበ ስንል ላላ ማለታችን ነው። ሰንደቅ ዓላማ ተርገበገበ ስንል ደግሞ በነፋስ ተውለበለበ ማለታችን ነው። «የሚርገበገበውን ማርገብ» የሚለው ሐረግ የሚያስፈራ ቢመስልም እያንዳንዱ ቃል የየራሱን ሥራ ይሠራል።

ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ማስቲሽ፣ ጎሚኒ የሚሉት ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። በእነርሱ ፋንታ አዲስ የአማርኛ ቃል መፍጠር የሚያምረው ተማሪ ይኖር ይሆናል። ለካቻቢቴ «የብሎን መፍቻ መሣሪያ» ቢል ሐሳቡ ይገባል፤ ነገር ግን አንባቢው ወደ ሱቅ ሄዶ በዚያ ስም ቢጠይቅ ባለሱቁ የመፍቻ ቁልፍ ሊሰጠው ይችላል። በአሠራር ድርሰት ውስጥ ትክክለኛው ቃል ባለሱቁም ባለሙያውም የሚጠራበት ቃል ነው። ባለሙያው ብቻ የሚያውቀው ሲሆን ግን፣ ቡቲል በምንባቡ እንደ ተገለጠው ሁሉ፣ አንባቢው አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር አስረዱት።

ጊዜን የሚያመለክቱ ቃላት

የአሠራር ድርሰት የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ጊዜን በሚያመለክቱ ጥቃቅን ምዕላዶች ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ማስቲሹ ሲደርቅ ለጥፉ።
ለ. ማስቲሹ ሳይደርቅ ለጥፉ።
ሐ. ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ለጥፉ።
መ. ማስቲሹ እስኪደርቅ ለጥፉ።

በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ውጤታቸው ግን የቆመ ንጣፍና የወደቀ ንጣፍ ነው። ማስቲሽ ገና እርጥብ ሳለ ከተለጠፈ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በመካከል ይታፈናል፤ ማጣበቂያውም አይዝም። የእንጨት ኮላ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛው «ለ» ይሆን ነበር፤ የእንጨት ኮላ የሚያያዘው በእርጥቡ ነውና። እንግዲህ ሰዋስው ብቻውን የትኛው ዐረፍተ ነገር ልክ እንደ ሆነ አይነግረንም፤ ሥራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። «መ» ደግሞ ማስቲሹ እስኪደርቅ ድረስ መለጠፍን ቀጥሉ የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ ከቶ አያገለግልም።

«ሐ» ከሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም የጎደለው ነገር አለ። መድረቅ ማለት ምን ማለት ነው? እንደ ቀለም ጨርሶ መጠንከር ነው ወይስ እርጥበቱን መተው ብቻ? ምንባቡ ይህን ጥያቄ ያስቀረው «ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን» በማለት ነው። አንባቢው በጣቱ ሊፈትነው የሚችለውን ምልክት ከሰጣችሁት «ደረቅ» የሚለውን ቃል መተርጎም አያስፈልገውም። በጽሑፋችሁ ውስጥ «በደንብ»፣ «በቂ»፣ «ጥቂት» የሚሉ ቃላት ባገኛችሁ ቁጥር በዓይን፣ በጣት ወይም በጆሮ ሊፈተን የሚችል ምልክት ልትተኩባቸው እንደምትችሉ ጠይቁ። በምንባቡም ውስጥ ያልተተኩ አንድ ሁለት አሉ፤ ፈልጋችሁ አውጡአቸው።

የቦዝ አንቀጽ አጠቃቀም

አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ወልውላችሁ የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ራሳቸውን ችለው ዐረፍተ ነገር አያስሩም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃሉ። ቅደም ተከተልን በአጭሩ ለመግለጥ እንደ እነርሱ የሚመች የለም፤ ስለዚህም ብዙ ተማሪ ይደረድራቸዋል። ሦስት ቢሆኑ አንባቢው ይሸከማል። ስድስት ሲሆኑ ግን ማሰሪያው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል፤ የረሳው ደግሞ ባትሪውን መፍታት ሊሆን ይችላል።

ከቁጥራቸው ይልቅ የሚያሳስበው ባለቤታቸው ነው። «ላሜራውን አጥባችሁ ይደርቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተሰበረ ነው። የሚያጥቡት እናንተ ናችሁ፤ የሚደርቀው ላሜራው ነው። ባለቤቱ ሲለወጥ ቦዝ አንቀጹን ትታችሁ «ላሜራውን ካጠባችሁ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ» በሉ። እንዲህ ስትሉ መጠበቅ ራሱ አንድ ሥራ መሆኑ ይታያል፤ በተሰበረው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን መጠበቁ ጠፍቶ ነበር።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። «በሮቹን ከፍታችሁ ማስቲሹን ቀቡ» የሚለው በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ነገር ግን ቦዝ አንቀጹ የሚናገረው መክፈቱ መፈጸሙን እንጂ በሮቹ ተከፍተው መቆየታቸውን አይደለም። ነፋስ ቢነሣ አንባቢው በሮቹን ዘግቶ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ የማስቲሽ እንፋሎት የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ አንብባችኋል። ምንባቡ «ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የመኪናው በሮች ሁሉ እንደ ተከፈቱ ይቆዩ» ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ርዝመቱም ተገቢ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ የመጣው «ቀቡ» ከሚለው ትእዛዝ በፊት መሆኑንም አስተውሉ። ከትእዛዙ በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ አንባቢው ከቀባ በኋላ ይደርስበታል።

አንድ የታመመ አንቀጽ

የሚከተለው አንቀጽ በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ዘወትር የሚታዩ ስሕተቶች ተሰብስበውበት ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ነው።

«የመኪና ጣራ ድምፅ ለማጥፋት ምንጣፍ ይገዛል። ምንጣፉን በጣራው ላይ አጥብቀህ ትለጥፋለህ። ከመለጠፉ በፊት ግን ጣራው መታጠብ ነበረበት። ሽፋኑን አውርደን ዝገቱ ይፈቃል። ማስቲሹ ሳይደርቅ ለጥፉት፤ ካልሆነ አይዝም። ሽቦውን ስትነቅሉ ባትሪው አስቀድሞ መፈታቱ አይረሳ። እንዲህ ከተደረገ መኪናው ምንም ድምፅ አይሰማም።»

በመጀመሪያ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። በአንደኛው ዐረፍተ ነገር ማንም የለም፤ «ይገዛል» ተብሏል። በሁለተኛው «አንተ»፣ በአራተኛው «እኛ»፣ በአምስተኛው «እናንተ» ሆኗል። በድሮ የሙያ ጽሑፎች «ይታጠባል፣ ይፈቃል፣ ይለጠፋል» የሚለው የተገብሮ አነጋገር ይዘወተር ነበር፤ ዛሬም ስሕተት አይደለም። እኔ ግን «እጠቡ፣ ፍቁ፣ ለጥፉ» የሚለውን ትእዛዝ አንቀጽ እመርጣለሁ። ተገብሮው ሠሪውን ስለሚሰውር አንባቢው «ዝገቱ ይፈቃል» የሚለውን ሲያነብ ሌላ ሰው የሚፍቅለት ሊመስለው ይችላል። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ አትልቀቁት።

ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይልቅ የሚጎዳ ነው። አንባቢው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ምንጣፉን ከለጠፈ በኋላ ሦስተኛው «መታጠብ ነበረበት» ይለዋል። «ነበረበት» የሚለው ቃል ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል፤ ለሠሪ ግን የዘገየ ምክር ነው። የባትሪውም ነገር እንዲሁ ነው። «አስቀድሞ» የሚለው ቃል በመጨረሻው አካባቢ መገኘቱ ራሱ ጸሐፊው ረስቶት በኋላ እንዳስታወሰ ያጋልጣል። እንዲህ ያለ ነገር ትዝ ሲላችሁ ወረቀቱን ወደ ኋላ ገልጣችሁ በቦታው አስገቡት፤ በመጨረሻ ላይ አትለጥፉት።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሁለት ሕመም አለበት። አንደኛው የሐሰት ተስፋ መሆኑ ነው፤ ምንባቡ የሞተሩና የጎማው ድምፅ እንደማይጠፋ ነግሯችኋል። ሁለተኛው የንባብ ነው። «አይሰማም» የሚለውን ቃል «ሰ»ን አላልታችሁ ብታነቡት መኪናው ጆሮ ኖሮት የማይሰማ ይሆናል፤ አጥብቃችሁ ስታነቡት ደግሞ ድምፁ ለሰው አይደርስም ማለት ይሆናል። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን ሲያዋቅር አንዱን ንባብ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ አለበት። «በመኪናው ውስጥ የጣራው ጩኸት ይቀንሳል» ቢባል ሐሰቱም አሻሚነቱም ይወገዳል።

መልመጃ

የታመመውን አንቀጽ እናንተ በመረጣችሁት አንድ ሠሪ፣ በትክክለኛውም ቅደም ተከተል እንደገና ጻፉት። ከሰባቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ሊድን የማይችል ካለ ሰርዙትና ምክንያታችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጡ።

«እስኪ»፣ «ሳይ»፣ «እየ» እና «ከ … በኋላ» የሚሉትን በመጠቀም ከምንባቡ ውጭ ስለ ሆነ ሥራ አራት ዐረፍተ ነገሮች መሥርቱ። ከዚያም በእያንዳንዱ ውስጥ ምዕላዱን በሌላው ብትለውጡት በሠሪው ላይ ምን እንደሚደርስ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።

በመጨረሻም የመማሪያ ክፍላችሁ ወይም የምትኖሩበት ቤት የቆርቆሮ ክዳን ከሆነ፣ በዝናብ ጊዜ ከኮርኒሱ በላይ ምን ቢደረግ ድምፁ እንደሚቀንስ፣ በአካባቢያችሁ በሚገኝ ዕቃ ብቻ፣ ከ200 የማይበልጡ ቃላት ባሉት ድርሰት አስረዱ። የምትመርጡት ዕቃ የሚያረግብ፣ የሚመጥ ወይም የሚያግድ መሆኑን ለዩ። ድርሰታችሁን ሥራውን ሠርቶት ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና መጀመሪያ ምን ለማድረግ እንደሚነሣ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ከጻፋችሁት የተለየ ከሆነ የሚታረመው ወረቀቱ ነው።